ስምንት ዓመት የተቀመጠው ክሪክ፦ ፍራፍሬ ያለበት ላምቢክ ሲያረጅ ምን ይሆናል?

መነሻ

ብራስልስ ውስጥ የመጠጥ ሱቅ ነው የምሠራው። የሥራዬ ግማሹ ጠርሙስ መሸጥ ነው። ግማሹ ደግሞ "ይሄ ቢራ ስንት ዓመት ይቀመጣል?" ለሚል ጥያቄ መልስ መስጠት። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቢራው ተቀምጦ ተቀምጦ ካለቀለት በኋላ መሆኑ ነው ችግሩ።

ይሄኛውን ጉዳይ የምጽፈው ባለቤቱ ሳያውቁት ጥሩ ሙከራ ሠርተው ስለነበር ነው። አንድ ዓይነት ቢራ፣ በአንድ ቀን ተገዝቶ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለት ቦታ ስምንት ዓመት ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ነገር ሆን ብሎ የሚሞክር ሰው የለም፤ ማን ትዕግሥቱ አለው?

ሰውየው ሐበሻ ናቸው፣ እዚሁ ከተማ ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፣ የቢራዎቹንም ጠማቂዎች እንዲሁ። ጋሼ እያልኩ ልቀጥል፣ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዛ ነው።

ላምቢክን ለማያውቅ ሰው

ላምቢክ ብራስልስና ከከተማዋ ወጣ ብሎ ፓዮተንላንድ በሚባለው ገጠር የሚጠመቅ ቢራ ነው። እርሾ አይጨመርበትም። ከገብስ ብቅልና ካልበቀለ ስንዴ የተሠራው ጭማቂ ከሆፕ (ቢራ ውስጥ እንደ ጌሾ ከሚገባው አበባ) ጋር ይፈላል (ስንዴው ከ30 እስከ 40 በመቶ ይሆናል)፣ ከዚያ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ክፍት ገንዳ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ያድራል። አየር ላይ ያለው፣ ግድግዳው ላይ ያለው፣ በኋላም የበርሜሉ እንጨት ውስጥ ያለው ረቂቅ ተሕዋስ ሁሉ ገብቶ ሥራውን ይጀምራል። ለዚህም ነው የሚጠመቀው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ፣ በብርዱ ወቅት ብቻ የሆነው።

ጠላ ቤት ያደገ ሰው ይሄ አይደንቀውም። እናቶቻችንም ለጠላ ብለው ሱቅ ሄደው እርሾ አልገዙም፤ ጌሾውና ጋኑ ያውቁበታል። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ላምቢክ በርሜል ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይተኛል። መጀመሪያ ተራው እርሾ ስኳሩን ይበላል፣ ቀጥሎ ባክቴሪያዎች ያጎመዝዙታል፣ በመጨረሻ ብሬታኖማይሲስ የሚባል ዝግተኛ እርሾ መጥቶ ሌሎቹ የተዉትን ሁሉ ይለቃቅማል። ስሙን ያወጣለት በፈረንጆች 1904 ካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ክላውሰን ነው፤ ትርጉሙ "የብሪታንያ ፈንገስ" ማለት ነው። በአጭሩ ብሬት ልበለው። የዚህ ታሪክ ዋና ተዋናይ እሱ ስለሆነ ልብ በሉት።

የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተደባልቆ ሲታሸግ ጉዝ ይባላል። ላምቢኩ ላይ ጎምዛዛ ቼሪ ተጨምሮ ለወራት ሲቀመጥ ክሪክ፣ ራስበሪ ሲጨመር ፍራምቧዝ። ፍሬው በአንድ ሊትር 200 ግራም ገደማ የሚሆንባቸው አሉ፣ እስከ 400 ግራም የሚደርሱም አሉ። ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ገበያ ላይ ክሪክ ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው የጣፈጠ ነው፤ ጭማቂና ስኳር ተጨምሮበት፣ በሙቀት እርሾው ተገድሎ የታሸገ። ባህላዊው ደግሞ "ኦውደ ክሪክ" ይባላል፣ ስያሜው ከፈረንጆች 1997 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነው። እሱ ጠርሙሱ ውስጥም ሕይወት አለው። ጋሼ ይሄን ልዩነት አያውቁም ነበር። እውነቱን ለመናገር ከደንበኞቼ አብዛኞቹም አያውቁም።

ጋሼ ምን ገዙ፣ የት አስቀመጡ

በፈረንጆች 2015 ነው። ልጃቸው ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ለምርቃቷ ቀን የሚሆን መጠጥ ካሁኑ ላስቀምጥ ብለው አሰቡ። ወይን በቆየ ቁጥር ይጥማል ሲባል ሰምተዋል፣ ቤልጂየም ደግሞ የቢራ አገር ናት፣ ስለዚህ ቢራውም እንደዛው ይሆናል አሉ። ሐሳቡ ከሞላ ጎደል ስህተት አልነበረም፣ የሚያናድደውም እሱ ነው።

የገዙት 24 ጠርሙስ ባህላዊ ክሪክ፣ 12 ትልልቅ ጠርሙስ የራስበሪ ላምቢክ እና 24 ትንንሽ ጠርሙስ ጣፋጭ ክሪክ ነው። በዛው ሰሞን አንድ ቤልጂየማዊ ጎረቤታቸው 6 ጠርሙስ ጉዝ በስጦታ ሰጣቸው። ለስጦታው ብዙም ቦታ አልሰጡትም፤ "ፍሬ እንኳን የለበትም" ነው ያሉኝ በኋላ።

ምድር ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ሁሉም አልገባም። የጉዙን ስድስት ጠርሙስና የሌላውን ግማሽ ምድር ቤት አጋደሙት። የቀረውን ግማሽ ከማእድ ቤቱ ጀርባ ባለችው የበርበሬና የዱቄት ክፍል መደርደሪያ ላይ አቆሙት። እዛች ክፍል ውስጥ የውሃ ማሞቂያ ቦይለርም አለ። ረሷቸው።

ችግሩ

መስከረም 2023፣ ድግሱ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። አሥር ቀን ሲቀረው ስልክ ደወሉልኝ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር አቼቶ ሆኗል። ሁሉንም ልድፋው?"

"ጋሼ፣ ምንም እንዳይደፉ። መጣሁ።"

የሆነው እንዲህ ነው። ከመደርደሪያው አንድ ክሪክ አንስተው፣ እንደሞቀ፣ እዛው ቆመው ከፈቱት። ግማሹ ጣሪያ ላይ ወጣ። የቀረውን ቀመሱት፣ ፊታቸው ተጨማደደ። ልጅቷም ቀምሳ "አባዬ፣ ይሄ ሰላጣ ላይ የሚደረገው ነው" አለቻቸው። አርባ ሰው ተጠርቷል፣ ስምንት ዓመት ስለዚህ መጠጥ ሲወራ ነበር፣ ሰውየው ያፈሩት ነገር ከቢራው በላይ ነበር።

ምን አደረግን

መጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለየን፤ በዓይነት፣ ከዚያ በተቀመጡበት ቦታ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ያለሱ ምንም ማወቅ አይቻልም ነበር። የምድር ቤቶቹ ጽሑፍ በእርጥበት ተልጦ ስለነበር አንዳንዱን በቡሹ ላይ ባለው ማህተም ነው የለየነው። ጠርሙሱን ወደ መብራት ይዤ የፈሳሹን ከፍታ አየሁ። መደርደሪያ ላይ ከነበሩት አራቱ ጎድለዋል፤ ቡሹ ደርቆ ተንፍሷል ማለት ነው።

ሙቀቱንም ለካሁ። ምድር ቤቱ 13 ዲግሪ፣ የበርበሬዋ ክፍል ደግሞ ምሳ ሲሠራ 27። በስምንት ዓመት ውስጥ ያች ክፍል ስንት ጊዜ ሞቃ ስንት ጊዜ እንደቀዘቀዘች አስቡት።

ቀጥሎ ከሱቃችን የዛን ዓመት አዲስ ክሪክና አዲስ የራስበሪ ላምቢክ ይዤ መጣሁ። ይሄን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ስምንት ዓመት የቆየ ነገር ስትቀምስ የምታወዳድረው ከትዝታህ ጋር ነው፣ ትዝታ ደግሞ ሁልጊዜ ከጠርሙሱ ይጣፍጣል።

ሁሉንም ቀጥ አድርገን ሁለት ቀን አቆምናቸው፣ አተላው ይዝቀጥ ብለን። 12 ዲግሪ አካባቢ አቀዝቅዘን፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳንናገር ለአምስት ሰው ቀዳን፦ ጋሼ፣ ባለቤታቸው፣ ልጅቷ፣ አንድ የማእድ ቤት ሠራተኛና እኔ።

ብርጭቆው ውስጥ ያገኘነው

የምድር ቤቱ ክሪክ ቀለሙ ከደማቅ ቀይ ወደ ሸክላ ቀይ ሄዷል። አረፋው ሕያው ነው። ትኩሱ ቼሪ የለም፤ በምትኩ አልሞንድ፣ የደረቀ ፍሬ፣ ቆዳ፣ ከበስተጀርባ ትንሽ የድርቆሽና የጋጣ ሽታ። አፍ ውስጥ ይጎመዝዛል ግን አይናከስም። እኔ ወደድኩት። የጋሼ ባለቤት ቀምሰው ዝም አሉ፣ ከዚያ "ይሄ ቼሪ እንደመብላት አይደለም፣ ቼሪ የበላ ሰው እንዳቀፈኝ ነው" አሉ። ከዚህ የተሻለ የቅምሻ ማስታወሻ ጽፌ አላውቅም።

የመደርደሪያው ክሪክ ቡናማ ነው። የተቀቀለ ማርማላታ ሽታ፣ ከዚያ አቼቶ። ጋዙ አልቋል። እንደ አንድ ዓይነት ቢራ አልቆጠሩትም፤ የትኛው ከየት እንደሆነ ስነግራቸው ልጅቷ አላመነችኝም።

የምድር ቤቱ ራስበሪ ከሁሉም ያሳዘነኝ ነው። አዲሱ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ራስበሪ ይሸታል፣ ቀለሙም ያምራል። የስምንት ዓመቱ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ፈዛዛ ብርቱካንማ ሆኗል። አልተበላሸም፣ ንጹህ ነው፣ ግን ፍሬው የለም። ከፍሬው የቀረው ምላስ የሚያደርቅ የዘር ጣዕም ብቻ ነው። ሠራተኛው "ይሄ ያለ ፍሬ የተሠራው ነው አይደል?" ሲል ጠየቀ። የመደርደሪያው ራስበሪ ደግሞ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ጣፋጩ ክሪክ የትም ይቀመጥ የት እርጥብ ካርቶንና ያረጀ ሲሮፕ ሆኗል። መደርደሪያ ላይ የነበረው ይብሳል እንጂ የምድር ቤቱም አይጠጣም።

እና ጉዙ። ያ ማንም ያልቆጠረው ስጦታ። ወርቃማ፣ ጥሩ አረፋ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ማር የሌለበት የማር ሽታ፣ ረጅም። ጋሼ ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዱ፤ በዛ ምሽት ሁለተኛ የቀዱት እሱን ብቻ ነው።

አንድ ያልጠበቅነው ነገርም ነበር። ለማወዳደሪያ ካመጣሁት አዲስ ክሪክ አንዱ፣ በቅርቡ የታሸገ፣ ከተዋጠ በኋላ ጉሮሮ ላይ የአይጥ ጎጆ የመሰለ ጣዕም ጥሎ ይሄዳል። ይሄ የታወቀ ነገር ነው፤ ከታሸገ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንዳንዴ ይመጣል፣ ጊዜ ሲሰጠው ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ "ትኩሱ ሁልጊዜ ይሻላል" ማለትም አይቻልም። በማግስቱ ከሌላ ዙር የታሸገ አምጥቼ ቀየርኩት።

ለምን እንዲህ ሆነ

ሰው ሁሉ "ጎምዝዟል" ነው ያለው። ሱቅ ባለ ርካሽ መለኪያ የአሲዱን መጠን (pH የሚባለውን፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበልጣል) ለካሁት፦ አዲሱ ክሪክ 3.4፣ የምድር ቤቱ 3.3። ልዩነቱ ኢምንት ነው። ታዲያ ለምን በጣም የጎመዘዘ መሰላቸው? ባህላዊ ላምቢክ ውስጥ ስኳር እኮ ከመጀመሪያውም የለም፣ እርሾው ጠርጎ በልቶታል። ትኩስ ሲሆን ጣፋጭ የሚመስለን የፍሬው ሽታ ነው፤ አፍንጫ ቼሪ ሲያሸት ምላስ ስኳር ያለ ይመስለዋል። ሽታው ሲሄድ አሲዱ ብቻውን ይቀራል። የተጨመረ ነገር የለም፣ የሸፈነው ነው የተነሳው። ጠጅ ቆይቶ ሲደርቅ ታሪኩ ሌላ ነው፣ እዛ ማሩ እውነትም ተበልቷል።

ሽታውን ከሚያጠፉት አንዱ ብሬት ነው። ፍሬ ፍሬ የሚሸቱትን ቅመሞች ይሰባብርና በራሱ ሥራ ይተካቸዋል፤ ድርቆሽ፣ ቆዳ፣ አንዳንዴ አናናስ። ቼሪ ግን አንድ ተንኮል አለው። ብዙውን ጊዜ የሚጨመረው ከነጠንካራ ዘሩ ነው፣ ዘሩ ውስጥ ደግሞ የአልሞንድ ሽታ የሚሰጥ ነገር ተቆልፎ ይገኛል። ቁልፉ ቀስ በቀስ ሲከፈት ሥጋው የሰጠው ሽታ ሲሄድ የዘሩ ይመጣል። ክሪክ ለዚህ ነው ሁለተኛ ሕይወት ያለው። ራስበሪ እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም። ቀለሙም ቢሆን ከቼሪው ቀድሞ ይፈዛል።

የመደርደሪያው ጥፋት ሙቀትና አየር ነው። ሙቀት ሁሉንም ያፋጥናል፣ የቆመ ጠርሙስ ቡሹ ይደርቃል፣ አየር ይገባል፣ አየር ሲገባ የአቼቶ ባክቴሪያ ይነሳል። እዚህ ላይ ልታረም፤ ምድር ቤቱ ቀዝቃዛም ነበር፣ ጠርሙሶቹም ተጋድመው ነበር፣ ስለዚህ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት አልችልም። እኔ ሙቀቱን ነው የምከሰው። ቆሞ በብርድ የተቀመጠ ጥሩ ላምቢክ ብዙ ጊዜ ጠጥቻለሁ፣ ቦይለር አጠገብ የተቀመጠ ጥሩ ላምቢክ ግን አንድም ጊዜ።

ጣፋጩ ክሪክ ካርቶን የሆነው ደግሞ ውስጡ ሕይወት ስለሌለ ነው። ሕያው እርሾ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ሾልኮ የገባችውን ትንሽ አየር እርሾው ይበላታል። እርሾው በሙቀት ከተገደለ አየሩን የሚበላ የለም፣ አየሩ ቢራውን ራሱን ይበላዋል።

የሠራውና ያልሠራው

ያልሠራውን ላስቀድም። የምድር ቤቱን ራስበሪ በአዲሱ ለማደስ ሞከርን፣ ማሰሮ ውስጥ ግማሽ በግማሽ። ጋዙ አለቀ፣ አዲሱንም አበላሸነው። የመደርደሪያውን ክሪክ ቀድተን ለሁለት ሰዓት አየር እንዲያገኝ ተውነው፣ ወይን የሚያደርጉትን አይተን። አቼቶ አየር ሲያገኝ የበለጠ አቼቶ ነው የሚሆነው፣ ይሄን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ።

ከመደርደሪያው ክሪክ በጣም ያልከፋውን በግ ለመዘፍዘፍ ተጠቀምንበት። እዚህ አገር ጥንቸል በክሪክ ይሠራል፣ ሐሳቡ ከዛ ነው። መጀመሪያ ሲንተከተክ አሲዱ ተጠራቅሞ ፊት የሚያጨማድድ ሆነ። በሁለተኛው ሙከራ የጋሼ ባለቤት ማርና ብዙ ቀይ ሽንኩርት ጨመሩበት፣ ዳነ። ድስቱ ባዶ ነው የተመለሰው።

ለድግሱ እንዲህ አደረግን። ጽዋ የተነሳው በጉዙ ነው፤ አምስት ጠርሙስ ለአርባ ሰው ትንሽ ትንሽ ደረሰ። ትኩሱ የራስበሪ ላምቢክ፣ የገዛነው፣ ለመጀመሪያ መቀበያ ሆነ። የምድር ቤቱን ክሪክ አራት ጠርሙስ ከክትፎ ጋር አቀረብነው። ቅቤና ጎምዛዛ ነገር አብሮ ይሄዳል፣ ይሄ ከዚህ ጉዳይ ውጭም የማምንበት ነው። ሲቀዳም "ይሄ የቼሪ ቢራ ነው" አላልንም፤ "ስምንት ዓመት የቆየ ነው" ብቻ አልን። ቼሪ ያልጠበቀ ሰው ቼሪ አልጠፋበትም።

ጎምዛዛ የማይሆንላቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ለእነሱ ስኳር በትንሽ ሰሃን አቀረብን። ነውር አይደለም፤ በድሮ ብራስልስ ቡና ቤቶች ላምቢክ የሚጠጣ ሰው የስኳር ድንጋይና መውቀጫ ይሰጠው ነበር፣ ራሱ ወቅጦ ያጣፍጣል። ይሄን ሲሰሙ ደስ አላቸው፣ ስኳሩም አለቀ።

ከዚህ የምወስደው

አሁን ሱቅ ውስጥ "ስንት ዓመት ይቀመጣል?" ለሚለኝ ሰው መልሼ የምጠይቀው "የምትወደው ፍሬውን ነው ቢራውን?" ብዬ ነው። ፍሬውን ከሆነ ራስበሪና አፕሪኮትን በዓመት ውስጥ፣ ክሪክን ቢበዛ በሁለት በሦስት ዓመት ይጠጣው። ከታች ያለውን ላምቢክ ከሆነ ባህላዊ ክሪክን አሥር ዓመትም ያስቀምጥ፣ ቼሪው እንደሚሄድ አውቆ። ለልጅ ምርቃት የሚቀመጥ ከሆነ ጉዝ እሸጥለታለሁ። ጣፋጩን በዚህ ሳምንት።

ሌላው ነገር ብዛት ነው። ጋሼ 24 ክሪክ ገዝተው ለስምንት ዓመት አንድም አልከፈቱም። በየዓመቱ አንድ ቢከፍቱ ኖሮ መደርደሪያው እየገደለው እንደሆነ በሁለተኛው ዓመት ያውቁ ነበር፣ ራስበሪውንም በጊዜው ይጠጡት ነበር። ስለዚህ ለማስቀመጥ የሚገዛ ሰው ከአንድ በላይ ይግዛ፣ አንዱን ዛሬ ይክፈት፣ ምን እንደሚመስል ወረቀት ላይ ይጻፍ። የቦታው ነገር ደግሞ ቀላል ነው፤ ምድር ቤት የሌለው ሰው ከምድጃና ከቦይለር የራቀ ጨለማ ቁም ሳጥን ይበቃዋል፣ ግን ዓመቱን ማሳጠር አለበት።

የቀረው

ስድስት የምድር ቤት ክሪክ ተርፏል። ጋሼ ለልጅቷ ሠርግ ላቆየው ሲሉ ሰማኋቸው፣ እሷም ሰምታለች። ባለፈው ስሄድ ሣጥኑ ላይ በወፍራም ማርከር ተጽፎ አየሁ፦ "ለማንም ሠርግ አይደለም። ገና ሲደርስ አንድ፣ ፋሲካ ሲደርስ አንድ።"